«የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የሚነበብ ማብራሪያ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን እዚህ ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ መምህር የሆነ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብለታል፦ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ተማሪው ይጠይቃል፤ አባት ይጠይቃል፤ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ እናት ደግሞ ከሁሉም አጥብቀው ይጠይቃሉ። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ስም መጥራት ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ብለን እንደረድራለን፤ ልጁም በዚያው ተራ ይሞላል። ይህ መልስ ልጁን አይጠቅመውም። የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በዓይነት የተለያዩ ናቸው፤ ገና የተለያዩ እንዲሆኑም እየተሠራ ነው። «የትኛው ይሻላል» ከማለት በፊት «ለየትኛው ሥራ» መባል አለበት። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት ይህ ነገር በቤታችሁ፣ ከልጃችሁ ጋር፣ ረጋ ብላችሁ እንድትነጋገሩበት ነው።

ቅኔ በዋድላ፣ ድጓ በቤተልሔም

የእኛ አገር ሰው የትምህርት ቤትን ዓይነት መለየት ከዩኒቨርሲቲ አልተማረም። ቅኔ የፈለገ የቆሎ ተማሪ ጎረቤታችን ዋድላ ይገባል፤ አለዚያም ጎጃም ተሻግሮ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ ይሄዳል። ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ለዝማሬና መዋሥዕት እዚያው ጋይንት ዙር አባ አለ። አቋቋም ሲባል ጎንደር ነው። ቅዳሴ ሲባል የሰለልኩላና የደብረ ዓባይ ስም ይነሣል። ሙያ ማብዛት የሚሻ ሰው አኮፋዳውን አንግቶ ከመምህር መምህር፣ ከአገር አገር ይዞራል። ድጓ አስተምራለሁ የሚልም ቤተልሔም ወርዶ ሳያስመሰክር ወንበር አይዘረጋም።

በወሎ ሙስሊሞች ዘንድም እንዲሁ ነው። ደረሳው ነሕውን ከአንዱ ሸኽ፣ ፊቅህን ከሌላው ይቀራል፤ ዳና፣ ጌታና ጃማ ንጉሥ ከሩቅ ደረሳ የሚስቡ የዕውቀት ማዕከላት ሆነው ኖረዋል።

ከዚህ ሥርዓት አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ቤተልሔም የሚታወቀው በድጓ እንጂ በቅኔ ስላልሆነ ከዋድላ ያንሳል ያለ ሰው አልሰማሁም። እያንዳንዱ ቤት የሚመዘነው በራሱ ሙያ ነው። በዚያ ላይ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት የተለመደ ነው፤ ዋድላ የተቀጸለ ቅኔ ጎንደር ሲደረስ ዋጋ አያጣም። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት፤ ለሴት ልጅ በሩ በአብዛኛው ዝግ ነበር፣ ተማሪውም በልመና እየተራበ ነው የሚማረው። በዓይነት የመለያየቱ ጥበብ ግን ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊደርሱበት ከሚጣጣሩት ጋር አንድ ነው።

በ1940ዎቹ የተከፈቱት ኮሌጆች

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርትም ሲጀመር አንድ ወጥ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ተከፈተ። ትምህርቱ የጥበባትና የሳይንስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የምህንድስና ኮሌጅ ተከተለ፤ በስዊድን እርዳታ ደግሞ የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቋመ። ሐረርጌ ውስጥ ዓለማያ ላይ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የእርሻ ኮሌጅ ተተከለ፤ ሥራውም ማስተማር ብቻ ሳይሆን ምርምር ማድረግና የተገኘውን ለገበሬው ማድረስ ጭምር ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው የጎንደሩን የጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚያው ጎንደር አጠገብ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ ያን ጊዜ ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ ነበር፤ ሦስቱም አንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ እንዲሠሩ ታስቦ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃ ይሠራል፣ የወባ ትንኝ የሚራባበትን ውኃ ያደርቃል። ኮሌጁ የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቀድቶ ቢከፈት ኖሮ ደምቢያን የሚያድን ሰው አያወጣም ነበር። ለአንድ የታወቀ ችግር፣ ለአንድ የታወቀ ሥራ ተብሎ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ባሕር ዳርም እንዲሁ በየዓይነቱ ነው የጀመረችው። በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ለመምህራን ትምህርት የተለየ አካዳሚ ተከፈተባት። ሁለቱ ተዋሕደው የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

ሁሉም አንድ የመሰለበት ዘመን

ኤርትራ ከተለየች በኋላ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የመንግሥት ተቋማት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና የዛሬው ሐዋሳ ተጨመሩ። ከዚያ በኋላ ግንባታው በየዙሩ ሆነ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም.፣ ወልድያ በ2004 ዓ.ም.፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ያለው መቅደላ አምባ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ተመሠረቱ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው።

መስፋፋቱ ለደላንታ ልጅ ትልቅ ውለታ ውሏል። ቀድሞ ዲግሪ የያዘ ሰው በቀበሌ ደረጃ በጣት ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ጤና ጣቢያው፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱና ትምህርት ቤታችን የቆሙት በእነዚህ ተቋማት ምሩቃን ነው። መስፋፋቱን የሚንቅ ሰው ከእኛ ወገን አይደለም።

ጥፋቱ ሌላ ላይ ነው። አዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተከፈቱት አንዱ ሌላውን እየቀዳ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 70 በመቶው ተማሪ በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚያዝ ፖሊሲ ወጣ፤ ለሁሉም ተቋም አንድ ዓይነት መለኪያ ሆነ። ቤተ ሙከራ ያለውም የሌለውም የምህንድስና ትምህርት ከፈተ። ቆላ ላይ ያለው ከደጋው፣ ጠረፍ ላይ ያለው ከመሐል አገሩ ጋር አንድ ዓይነት የትምህርት ክፍል ደረደረ። መምህሩም የትም ይሁን የት ማዕረግ የሚያድገው በዋናነት በሚያሳትመው ጥናት ሆነ፤ ከአካባቢው ፋብሪካ ጋር የሠራ ወይም የገበሬውን ማረሻ ያሻሻለ ሰው ውለታው በማዕረጉ ላይ እምብዛም አይታይለትም።

ይህ አንድ ወጥነት ልዩነትን አላጠፋም። ልዩነቱ ሌላ መልክ ያዘ፤ «አንደኛ ትውልድ»፣ «ሁለተኛ ትውልድ»፣ «አራተኛ ትውልድ» የሚል የዕድሜ ደረጃ ሆነ። ሁሉም አንድ ሥራ እንዲሠራ ሲታዘዝ ቀድሞ የጀመረው ምንጊዜም ይቀድማል፤ ዘግይቶ የተነሣው ምንጊዜም ጭራ ነው። ልጆቻችን አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳቸው የሚያዝኑት ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ያለው አመዳደብ

የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በነበረበት ጊዜ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዩኒቨርሲቲዎችን በተልእኮ ለየ። ሚኒስቴሩ በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሲጠቃለል አመዳደቡም አብሮ ተላለፈ።

የምርምር ዩኒቨርሲቲ የተባሉት ስምንት ናቸው፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ። ዋና ሥራቸው አዲስ ዕውቀት መፍጠርና የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ማውጣት ነው፤ የነገ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በብዛት የሚገኙት ከእነርሱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል።

አፕላይድ ሳይንስ የተባሉት ደግሞ ዕውቀትን ሥራ ላይ ማዋል ተልእኳቸው ነው፤ ከኢንዱስትሪ፣ ከእርሻና ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ተቀራርበው እንዲያስተምሩ ይጠበቃል። የእኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ምድብ ነው፤ በቦታውም የታደለ ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። ተማሪው በእግሩ ፋብሪካ መድረስ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወሎም ወልድያም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈው፣ ብዙ ንብረታቸው ወድሞ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የተግባር ተቋም ያለ ቤተ ሙከራ ባዶ ክፍል ስለሆነ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ጉዳቱ እጥፍ ነበር።

ኮምፕሬሄንሲቭ ወይም «አጠቃላይ» የሚባሉት በብዛት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተከፈቱት ናቸው፤ መቅደላ አምባ ከእነርሱ ወገን ነው። ሰፋ ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት መስጠትና አካባቢን ማገልገል ሥራቸው ነው። በእኔ እምነት ይህ ምድብ ብዙ ይቀረዋል። «አጠቃላይ» ማለት «የተረፈው» ማለት እንዳይሆን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከቆመበት መሬት የሚነሣ አንድ ሁለት ሙያ መያዝ አለበት።

ከእነዚህ ለየት ብለው የቆሙም አሉ። የአዲስ አበባና የአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉት በተለየ የመግቢያ ፈተና ነው። ኮተቤ ወደ መምህራን ሙያ ተመልሶ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሲቪል ሰርቪስ፣ መከላከያና ፖሊስ የየራሳቸው ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አለው።

አንድ ኦፓል በስንት እጅ ያልፋል?

ይህን ሁሉ በቅርብ በምታውቁት ነገር ላሳያችሁ። ኦፓል የተባለው የደላንታ የከበረ ድንጋይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከተገኘ ወዲህ ወጣቶቻችን ገደሉን በመዶሻና በመሮ እየፈለፈሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ኦፓሉ ያለበት ንብርብር ከአንድ ሜትር የሚቀጥን ነው፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ጠጥሮ በሆነው ዐለት መሐል ይሄዳል። የወገል ጤናን ኦፓል በዝርዝር መርምረው ለዓለም ካስተዋወቁት የመጀመሪያ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሲሆን በዋናነት የመሩት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ከተገለጹት ጠባዮች አንዱ እናንተም የምታውቁት ነው፦ ብዙው የእኛ ኦፓል ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃ ይጠጣና እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።

ንብርብሩ በየትኛው ሸንተረር እንደሚቀጥል፣ የትኛው ኦፓል ከወጣ በኋላ እንደሚሰነጠቅና ለምን እንደሚሰነጠቅ መመርመር የምርምር ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ለዓመታት የሚቆይ፣ ውድ መሣሪያ የሚፈልግና ነገ ገንዘብ የማያስገኝ ሥራ ስለሆነ ከሌላ ተቋም መጠበቅ አይገባም። ዋሻው በላያቸው እንዳይናድ እንዴት ይደገፍ፣ አየር እንዴት ይግባ፣ ፍርስራሹ የት ይደፋ የሚለው ግን የዶክትሬት ጥያቄ ሳይሆን የማዕድን መሐንዲስ ጥያቄ ነው፤ አፕላይድ ዩኒቨርሲቲ ሊመልሰው ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ዘለግ ብዬ የምናገረው ሰው ስለሚሞትበት ነው። ገደሉ ተንዶ ልጅ የቀበረች እናት በአካባቢያችን አለች፤ የሞቱት ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ በትምህርት ገበታ ላይ ሊሆኑ የሚገባቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መቁረጥና መሞረድ ይመጣል። አብዛኛው ኦፓላችን ጥሬውን ወጥቶ ሄዷል፤ ብዙውም ህንድ አገር ጃይፑር ላይ ነው የሚቆረጠውና የሚወለወለው። ድንጋዩን ለብርሃን አዙሮ ቀለሙ ከየት እንደሚፈነጥቅ ለይቶ፣ ሳያባክን፣ ሳይሰነጥቅ ቅርጽ የሚያስይዝ እጅ የሚገኘው ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ይህን እጅ የሌለው አገር ጂኦሎጂስቱም መሐንዲሱም ቢኖሩት ጥሬ ድንጋይ ሻጭ ሆኖ ይቀራል። ላልይበላም ያው ነው። አስራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመጠበቅ የዐለቱን መርገፍ የሚያጠና ሳይንቲስት፣ ጠርቦ የሚጠግን ባለ እጅ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ የሆቴል ባለሙያ፣ የሥርዓቱን ምስጢር የሚያውቅ ሊቅም ያስፈልጋል። አራቱም ከአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት አይወጡም።

ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለው በር

አሁን የብዙዎቻችሁን ቤት የሚነካውን ልናገር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከተቀሩት ከፊሎቹ በሪሜዲያል፣ ማለትም በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ሌላ ዕድል ያገኛሉ። ያም ሆኖ ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ ማለፊያውን ሳያገኝ የሚቀርበት አገር ስለ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሊያወራ አይገባውም።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ደሴ፣ ወልድያና ሰቆጣ አሉ። ደሴ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ ላልይበላ ላይ አለ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ሥልጠናው በደረጃ ነው፤ ሠልጣኙ በየደረጃው የብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን፣ ማለፍ አለበት። ወላጆች ልጃቸው «ቴክኒክ ገባ» ሲባል አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህ ስሜት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ለብዙ ዓመት ኮሌጁን የወደቀ ልጅ ማረፊያ አድርገን ስለያዝነው ነው። ግን የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ፣ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ሲቆም፣ የወፍጮው ሞተር ሲነክስ የምንፈልገው ማንን እንደሆነ እናውቃለን። ደረጃ 4 ጨርሶ እጁ የሠለጠነ ልጅ፣ ሳይወደው ተመድቦ ዲግሪ ይዞ ቤት ከተቀመጠ ልጅ ወላጁን አስቀድሞ ይጦራል።

መንገዱም እዚያ አያበቃም። አዲስ አበባ ያለው የፌዴራሉ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በሙያ መስመር ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ የኮሌጆቹ አሠልጣኞችም በብዛት ከዚያ ይወጣሉ። የመሸጋገሪያው ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ኮሌጁ ስትገቡ የዚያን ዓመቱን ጠይቁ።

ስለ ግል ተቋማት ባጭሩ

የግል ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅም የሥርዓቱ አካል ነው። ዩኒቲ፣ ቅድስት ማርያምና አድማስ በዚህ በኩል የቆየ ስም አላቸው። ሥራ ላይ ሆኖ በማታ ወይም በርቀት ለሚማር ሰው በሩን በሰፊው የከፈቱት የግሎቹ ናቸው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሲሰጥ ያለፉት ወደ 40 በመቶ ብቻ ናቸው፤ የግል ተቋማት ተማሪዎች ያመጡት ደግሞ ከመንግሥት ተቋማቱ ተማሪዎች በእጅጉ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ከብት ሸጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው ፈቃድ ወልድያ ላለው ቅርንጫፍ አያገለግልም፤ የሒሳብ አያያዝ ፈቃድ ለነርስ አይሆንም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣችው ዕቅድ በመስኩ ላይ ያሉ ሁሉ የሚጠቅሱት ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲዎቿ ከሁለተኛ ደረጃ ጨራሾች ከስምንት አንዱን፣ የክፍለ ግዛቱ ኮሌጆች ከሦስት አንዱን እንዲቀበሉ፣ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ደግሞ መማር ለሚችል ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ ተደረገ። ዋናው ቁም ነገር ግን ክፍፍሉ አይደለም። በማኅበረሰብ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ጥሩ ያመጣ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የሚሻገርበት ድልድይ አብሮ ተሠርቷል።

ጀርመን በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተግባር ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን ከዩኒቨርሲቲ ለይታ አቋቋመች። እዚያ ፕሮፌሰር ለመሆን ከትምህርቱ በተጨማሪ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ከዚህም ቢያንስ ሦስቱ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የተሠራ መሆን አለበት። ለአፕላይድ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ደንብ ብንወስደው እመኛለሁ። ብሪታንያ ደግሞ ፖሊ ቴክኒኮቿን እ.ኤ.አ. በ1992 በሕግ ሁሉንም ዩኒቨርሲቲ አደረገቻቸው። ስሙ ሲመሳሰል ሥራውም ወደ መመሳሰል እንደሚያዘነብል፣ የተግባር ተቋም የታላቁን ዩኒቨርሲቲ ካባ ለመልበስ እንደሚሮጥ የሚሟገቱ ይህን ምሳሌ ያነሡታል። እኛም ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ካልተባለ ያደገ የማይመስለን ሕዝብ ነን።

እኔን የሚያሳስበኝ

አመዳደቡ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በወረቀት ላይ እንዳይቀር ግን ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሦስቱም በመንግሥት እጅ ናቸው። በጀቱ ዓይነቱን መከተል አለበት፤ ለተግባር ተቋም ወርክሾፕ ሳይሰጡ ከምርምር ተቋም ጋር ማወዳደር ግፍ ነው። የመምህሩ ማዕረግ ዓይነቱን መከተል አለበት፤ ኮምቦልቻ ላይ የሽመና ማሽን ያሻሻለ መምህር መጽሔት ላይ ካሳተመ እኩል ማደግ ይገባዋል። ከሁሉም በላይ የተማሪው ምደባ ዓይነቱን መከተል አለበት። ዛሬ ልጁ በውጤቱና በምርጫው ተራ ይመደባል፤ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው በሙሉ የምርምሮቹን ከሞሉና ሌላው ተራፊ ከተቀበለ «ዓይነት» ያልነው ተመልሶ «ደረጃ» ይሆናል። ያን ጊዜ የትውልድ ቁጥሩ ስሙን ቀይሮ ተመለሰ ማለት ነው።

ድልድዩም ጠባብ ነው። ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተማሩትን አስቆጥሮ መሻገር ለድሃ ልጅ አስቸጋሪ ነው። በ18 ዓመቱ በጥቂት ቀን ፈተና የተወሰነበትን መንገድ በ25 ዓመቱ በሥራውና በጥረቱ ማስተካከል ያልቻለ ሰው ባለበት ሥርዓት የተቋማት ብዛት ዋጋው ይቀንሳል። የድጓው ተማሪ ከጋይንት ዋድላ ሲመጣ የሚጠየቀው የያዘውን ዕውቀት ነበር።

ቅጹ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ሥራ ተናገሩት። ካላወቃችሁት ሁለት ሦስቱን ጻፉና በዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ ጤና ጣቢያው፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ቀጥላችሁ ያ ሥራ ከየትኛው ዓይነት ተቋም እንደሚገኝ ጠይቁ። መመርመርና ማስተማር የምትወዱ፣ መጽሐፍ ላይ ማምሸት የማይከብዳችሁ የምርምሮቹን አስቀድሙ። ማሽን ፈትቶ መግጠም የሚያስደስታችሁ፣ ፋብሪካ ወይም ማሳ ላይ መዋል የምትሹ ስሙ ስለገነነ ብቻ ወደ ሩቅ አትሂዱ፤ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው። ለአዲስ አበባና ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የምታስቡ የመግቢያ ፈተናውን ማስታወቂያ ቀድማችሁ ተከታተሉ፤ መንገድና ኔትወርክ በሚቋረጥበት በእኛ አካባቢ ምዝገባ ያለፋቸው ጎበዝ ልጆች አሉ።

በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያ ትምህርት ክፍል መኖሩን፣ ቤተ ሙከራው መሥራቱን፣ ተማሪዎቹ የመውጫ ፈተና ላይ እንዴት እንደሆኑ እዚያ ካሉ የአገራችሁ ልጆች ስልክ ደውላችሁ አጣሩ። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የወል ትምህርት ስለሆነ የትምህርት ክፍል ምርጫው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በፍሬሽማን ውጤታችሁ ላይ ካልበረታችሁ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ መግባታችሁ ብቻውን የፈለጋችሁትን አያስገኝላችሁም።

ወላጆች፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ መቅደላ አምባ ወይም ላልይበላ ኮሌጅ ደረሰኝ ብሎ ሲመጣ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። ምን ሊማር እንደሆነ፣ ሲጨርስ ምን መሥራት እንደሚችል ጠይቁት፤ መልሱን አብራችሁ ፈልጉ። ማጣራት ያልቻላችሁት ነገር ካለ ቅጹ ከመላኩ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ኑ፤ ከተላከ በኋላ መቀየር አስቸጋሪ ነው።